ሁለት ደቂቃ

ሐሙስ ከሰዓት ላይ፣ ፋብሪካው ቆመና፣
ቤት ገባ አባቴ፣ ይዞ አንድ ምስጋና
በማኅተም የታተመ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የሽመና መኪና ሲያክም የከረመ።
እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤
ጣቶቹ ብቻ ዳዶ ሲያጠብቁ፣ ዓይኑ እንዳፈጠጠ።

በሽታውን እኔ ዐወቅሁ፤ መድኃኒቱን ግን ከደሴ፣
ከፒያሳ በታች ካንድ ግቢ፣ አስጎተትኩት በገዛ ኪሴ፦
አንዲት ሰማያዊ ጎልፍ፣ ኋላ በሯ ሽቅብ የሚከፈት፣
ቁመቷ አጭር፣ ሆዷ እሳት፣ ቱርቦዋ ጢስ የሚያስመልሳት።
ሻጩ፦ «ትንሽ ዘይት ትወዳለች» ብሎኝ ነበር ፊቱን አዙሮ፤
አባቴ ኮፋኖውን ከፍቶ ዝም አለ፣ እንደ ሐኪም ጆሮውን ቀስሮ።
«ትወዳለች?» አለ በመጨረሻ፣ «ሰካራም ናት እንጂ ልጄ!»
ሳቀ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሳቁን ስሰማ፣ ፒንሳው ወደቀ ከእጄ።

የእማዬን ሰፊ ሳፋ ሰርቀን፣ ነጭ ጋዝ ሞላንበት፤
ቡሎኑን በየተራው ደረደርን፣ የእንቁላል ካርቶን አምጥተንለት።
እማዬ ማልዳ ልብስ ልታጥብ፣ ሳፋዋን ፈልጋ መጣች፤
ጋዙን አሸተተች፣ አባዬን አየች፤ ምንም ሳትል ሌላ ገዛች።
«እኔ ላይ ሳይሆን ሥራው ላይ አብሪ!»
ስንቴ ተቆጣኝ በሌሊት።

ቱርቦዋ ወጣች፤ መዳፍ የምትሞላ፣ የብረት ቀንድ አውጣ፤
ዘንጓን በሁለት ጣት ሲነካው፣ እንደ ወተት ጥርስ ሊወጣ።
«ይሄን ዓይነት ልል ኩሽኔታ፣ ሽመናው ቤት ዐውቀዋለሁ፤
ጨርቁ ከመበላቱ በፊት፣ ከድምፁ እሰማዋለሁ።»
ማቀዝቀዣ የሚሆናት፣ ከተጋጨ ኢሱዙ ፈታን፤
ሰፋ፤ ፓራውርቱን በመጋዝ ቆርጠን፣ ከፊት ሰካን።
ማርሚታውን ራሱ በየደው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ጉሮሮ፤
እትዬ ወሰኔ በአጥር ብቅ ብላ፦ «ምን ይሉታል ይሄን ሮሮ?
ሴት ልጅህን ዳር አታደርሳትም? ቅባት ስታሽ ትኑር ወይ?»
አባቴ መነጽሩን አነሣ፦ «ዳር አይደል የማደርሳት፤ ሐረጎን ነው፣ እስከ ላይ!»

ሽቅብ ሲወጣ አየር ይሳሳል አለኝ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ፤
ሞተር ሁሉ ያለከልካል፣ እንደ አስም ታማሚ ሲተነፍስ።
«ቱርቦ ግን ያየሩን ጉድለት፣ ከራሷ ጢስ ታመጣለች፤
የተጣለ ትንፋሿን ለቅማ፣ መልሳ ትበረታለች።»
የተጣለ ትንፋሽ፤ ሐሳቡ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁትም፤
መብራቱን ወደ ሥራው መለስኩ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ቤንዚን ሁለት ቀን ተሰልፌ፣ እሑድ ማለዳ ሄድን፤
እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ፤ ሐረጎን ከሥር ያዝን።
ከመጀመሪያው መታጠፊያ፣ አንድ ሲኖ ከፊት ሲያቃስት፣
«አሁን፣ ዘምዘም!» አለ። ረገጥኩ። ዝምታ። አንድ... ሁለት...
ከዚያ ፉጨት! ጀርባዬን ወንበሩ ጎረሰው፤
ሲኖው ኋላ ቀረ፤ አባቴ የበሩን እጀታ ጨበጠው፤
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ቧ! ቱቦው ከፋሻው አመለጠ፤
ሲኖው ክላክስ ነፍቶ ቀደመን፤ ሾፌሩ አገጠጠ።
አባቴ ከገደሉ አፋፍ፣ ሽቦና ፒንሳ አነሣላት፤
የተበጠሰ ክር የሚቀጥልበትን ቋጠሮ፣ በሽቦ ቋጠረላት፣
እያፏጨ።

ደሴ፣ ሆጤ፣ አክስቴ በር ላይ፣ ሞተሩን ላጠፋ ስል ያዘኝ፦
«የጋለ ነገር ድንገት አይጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ ስጪኝ።
ዘንጓ ገና ይሽከረከራል፤ ዘይቱ ካቆመ ያርራል፤
በቀስታ ያልበረደ ብረት፣ በማግሥቱ ይሰነጠቃል።»
ወረቀቱን አሰብኩ። ሐሙስን። ማኅተሙን።
እሱም ያሰበ መሰለኝ፤ ጭኑ ላይ አየ፣ እጁን።

አንዋር፣ ያክስቴ ልጅ፣ በመስኮቱ ተንጠልጥሎ፣
«ደርሳችሁ የለ? ለምን አትወርዱም?» አለ፣ አንገቱን አዘንብሎ።
«እኛማ ደርሰናል» አለ አባቴ፣ «እሷ ናት የቀራት መንገድ።»
አንዋርም ገብቶ ኋላ ተቀመጠ፤ ሦስታችን ጠበቅን፣ እስክትበርድ።